አባቴ በገበያ ቀን የሠራኝ ሹሩባ

የመስቀል ሰሞን ነው። የልጄን ልጅ ይዤ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ወዳለ የሴቶች ጠጉር ቤት ገባሁ። ወረፋው እስከ ደጅ ደርሷል። የበዓል ሰሞን ያው ነው፤ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው፣ ሠሪዎቹ ልጃገረዶች ጣታቸው እየሮጠ፣ አፋቸው ደግሞ ከጣታቸው እየቀደመ። በዚህ መሃል አንድ ወጣት አባት ትንሽ ሴት ልጁን ታቅፎ በሩ ላይ ብቅ አለ። ቤቱ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሌላዋ መሸፈኑንም አልፈለገችው፣ ሳቀች። ወጣቱ ደንግጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ “እናትየው ሥራ ገብታ ነው” አለ። የጠጉር ቤቱ ባለቤት ጥሩ ልጅ ናት፣ አልጠላትም፤ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ “እማማ፣ ጊዜው እንዴት ተለወጠ! በእናንተ ጊዜ አባት የሴት ልጁን ጠጉር ነክቶ ያውቃል?” አለችኝ።

“ያውቃል” አልኳት።

“ይቀልዳሉ እርስዎ ደግሞ!”

“አልቀለድኩም። ነክቶም ያውቃል፣ ሠርቶም ያውቃል፣ በገበያ ቀን ሕዝብ እያየው ሠርቶም ያውቃል። አሁን ለዚያ ልጅ ወንበር ስጪው።”

ወንበር ሰጠችው። እኔ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ቤቴ ገብቼም አልወጣም። “ድሮ እንዲህ ነበር፣ ድሮ እንዲያ አልነበረም” የሚል ሰው በዝቷል፤ ያውም ድሮ የነበርነው ሰዎች ሳንሞት፣ ቁጭ ብለን እያየነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል ልጅ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ስሕተት አይቼ ሳላርም ማለፍ አልችልም። ስለዚህ የሆነውን ልጽፈው ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በጨርቅ ነው። መጀመሪያ ነጭ አቡጀዲ ብቻ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ቀጥሎ ባለ አበባው ፖፕሊን መጣ፤ ከዚያ በኋላ ኮንጎ ጫማ ገባ። ይህ የማወራው ፖፕሊኑ ገብቶ ኮንጎው ገና ያልደረሰበትን ጊዜ ነው። ሆሳዕና፣ ያገሬው ሰው ዋቸሞ የሚላት፣ ያኔ አንዲት ረጅም መንገድ ነበረች ማለት ይቻላል። ክረምት ጭቃዋ የበቅሎ እግር ይይዛል፣ በጋ አቧራዋ ከጥርስ ሥር ይገባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ባለ ቆርቆሮ ሱቆች፣ ከሱቆቹ ፊት በረንዳ፣ በየበረንዳው ልብስ ሰፊ። አባቴ ሄራሞ ከእነዚህ ልብስ ሰፊዎች አንዱ ነበር። የሚሰፋው የሴትና የልጆች ልብስ ነው። ተራ ቀሚስ በስሙኒ፣ አንገትጌው ላይ ዳንቴል ካለው በሽልንግ። ጠዋት ጨርቅ ይዛ የመጣች ሴት ማታ ለብሳ ትገባለች። ዛሬ ገበያ ላይ የተሰቀለውን ልብስ ሳይ ስፌቱን ገልብጬ ነው የማየው፤ ክሩ ገና ሳይለበስ ተንጠልጥሎ ይታያል። የአባቴን ስፌት ከውስጥም ከውጭም ብታዩት የትኛው ፊቱ እንደሆነ ያደናግራችሁ ነበር።

እናቴ የከምባታ ልጅ ናት፣ ከዶዮገና። አባቴ ሀዲያ። ቤታችን በሦስት ቋንቋ ይተዳደር ነበር፤ እናቴ በከምባትኛ ትቆጣናለች፣ አባቴ በሀዲይኛ ያባብለናል፣ ስለ እኔና ስለ ታናሼ ስለ ምሕረት ሲመክሩ ደግሞ እንዳንሰማ በአማርኛ ያወራሉ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛ ስለምድ ምስጢራቸው አለቀ። እናቴ ስትስቅ ትዝ ትለኛለች፤ “አሁንስ በምን እናውራ?” ብላ።

ያን ጊዜ ልጅ ለበዓል የሚሠራው ጠጉር ቀላል ነገር አልነበረም። ትንንሽ ወንዶች ዙሪያቸውን ተላጭተው አናታቸው ላይ ቁንጮ ይተውላቸዋል። ትንንሽ ሴቶች በተቃራኒው አናታቸው ተላጭቶ ዙሪያው ጋሜ ይሆንላቸዋል። ከፍ ያልነው ሹሩባ እንሠራለን፤ ላዩ ላይ ለጋ ቅቤ፣ ጫፉ ላይ ዶቃ። መስቀል ሲመጣ፣ በዚያው ሰሞን ሀዲያው ያሆዴ ብሎ አዲስ ዓመቱን ሲቀበል፣ ልጆች በቡድን ሆነን እየዘፈንን በየቤቱ እንዞራለን። እኛ የወንጌል አማኞች ነበርንና የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ችቦውንና ዘፈኑን አይወዱትም ነበር፤ ሥጋውን ግን ማንም አልጠላውም። በየቤቱ ከቡላና ከቅቤ የተሠራ አተካና ይሰጠናል፤ እጅ ላይ ይቀልጣል፣ እስከ ክርን ይወርዳል። ታዲያ የቤቱ እመቤት ምግቡን ከመስጠቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ የእያንዳንዳችንን ራስ ትዳስሳለች። “አንቺን ማን ሠራሽ?” ትላለች። “ማን ሠራሽ?” ማለት “እናትሽ ማን ናት?” ማለት ነው። ስሟን ትናገሪያለሽ፤ ሴትዮዋ “አዎ፣ የእሷ እጅ ነው” ትላለች። ጠጉሩ ያልተሠራ ልጅ በሩ ላይ ሲቆም ግን ማንም ምንም አይጠይቀውም። አተካናውን ጨምረው ይሰጡታል። ያ ጭማሪ እንዴት እንደሚጎረብጥ የበላው ያውቀዋል።

እናቴ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም ተከተላት። እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ ቆይቻለሁ፣ ምሕረት ገና ጥርሷን አልቀየረችም። ራሳችንን ተላጨን፤ የሐዘን ደንብ ነው። በዚያ ዓመት መስቀል ከቤት አልወጣንም። ከዚያ ጠጉር ሰው እስኪጽናና አይጠብቅምና አደገ። አባቴ በሳሙና ያጥበናል፣ በእንጨት ሚዶ ያበጥረናል፤ ግን ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ አያውቅም። ጠጉራችን ተተበተበ። እውነቱን ልናገር፣ ቅማልም ገባበት። ጎረቤት አልጨከነብንም፤ አንዷ ዛሬ ትሠራናለች፣ ሌላዋ ነገ አይመቻትም። የሰው ሴት ደግሞ የራሷ ልጆች አሏት።

ሰኔ ሲገባ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ከልጇ ከአጎቴ ጋር በበቅሎ ከዶዮገና መጣች። እማማ እንላታለን። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ነበረች። እኔንና ምሕረትን በር ላይ ቁጭ አድርጋ በጣቷ ጠጉራችንን ከፈለችው። አየችው። እንባዋ እጄ ላይ ይወርድ ጀመር። በእኛ ዘንድ አማትና አማች ፊት ለፊት ተያይተው አያወሩም፤ አሳፋሪ ነው። ስለዚህ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ለአጎቴ ትናገራለች፣ አባቴም መሬት መሬት እያየ ለአጎቴ ይመልሳል። ሁሉም ሁሉን ይሰማል።

“ለዚህ ሰው ንገረው” አለች። “ሴት ልጅ በወንድ እጅ አታድግም። ሚስት ያግባ ብለን መልእክት ላክን፣ አላገባም። ትልቋን እኔ እወስዳለሁ። ትንሿን ሆመቾ ያለችው እህቱ ትውሰዳት።”

“ትምህርቷስ?” አለ አባቴ። “አስቴር በደንብ ማንበብ ጀምራለች በላቸው።”

“ትምህርት ጠጉር ይሠራላታል ወይ በለው።”

ምሕረት ሆመቾ የሚለውን ስትሰማ እጄን ያዘች። ሆመቾ የት እንደሆነ አታውቅም፤ እኔ የሌለሁበት ቦታ መሆኑን ግን ገብቷታል። አባቴ ተናጋሪ አልነበረም፤ አንድ ነገር ሲቆርጥ ግን እንደ ጨርቅ ነው፣ ከተቆረጠ ተቆረጠ። “ለመስቀል ይምጡ በላቸው” አለ። “ልጆቼን ያኔም እንዲህ ካገኟቸው ይውሰዷቸው። እኔ አንዲት ቃል አልናገርም።”

እማማ ተመለሰች። በነጋታው አባቴ መቀሱን አስቀምጦ እኔን ጉልበቱ መሃል አስቀመጠኝ። ልብስ ሰፊ ነውና ነገሩን እንደ ጨርቅ ጀመረው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ለካኝ፤ በጠመኔ ሊያሰምርብኝ ሁሉ ሞከረ። ምሕረት መሬት ላይ ተንከባለለች በሳቅ። ከዚያ መጎተት መጣ። የዚያን ቀን የጮህኩትን ጩኸት ሰምታ እትዬ ዘይነባ ከመንገዱ ማዶ ከሱቋ ወጣች፤ “አቶ ሄራሞ፣ ልጅቱን አረዷት እንዴ?” አባቴ የሠራውን አየው፤ ሦስት ቋጠሮ ነው፣ በሬ የሚታሰርበት ገመድ ይመስላል። ፈታው። “ይህ ስፌት አይደለም” አለ ለራሱ።

ከዚያ ወዲያ ከስፌት መኪናው እግር ላይ የቃጫ ጥቅል ታሰረ። ቃጫ ከእንሰት የሚወጣው ጭረት ነው፣ ገመድ የሚሠራበት፤ በየቤቱ ይገኛል። አባቴ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ያንን ቃጫ በሦስት ከፍሎ ይገምዳል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይገምዳል። ጣቱስ ፈጣን ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሹሩባ ከራስ ቆዳ ላይ ተነሥቶ፣ ከሥር ከሥሩ እየለቀመ ነው የሚሄደው፤ ቃጫ ደግሞ ራስ የለውም። ያንን የሚያሳየው ሰው አልነበረም። ሴት ሁሉ “እኔ ልሥራልህ” ይላል እንጂ “ላሳይህ” የሚል የለም።

እትዬ ዘይነባ የጉራጌ ሴት ናት፣ ከባሏ ጋር ነው ሱቁን የያዘችው። ዶቃው፣ ክሩ፣ ሚዶው፣ ላምባው፣ ስኳሩ፣ ሁሉም ከእሷ ይገዛል። ሙስሊም ናት፣ ባሏም ጥብቅ ሰው ነው፤ ከባዕድ ወንድ አጠገብ ተቀምጣ ጠጉር አሠራር ልታሳይ አይሆንም። ነገር ግን መንገዱ እንዲያ ሰፊ አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ እትዬ ዘይነባ ልጇን ራሕመትን ይዛ ወጣች፤ ሳጥን ላይ፣ የልጅቱ ጎን ወደ እኛ እንዲሆን አድርጋ፣ አስቀመጠቻት። እኛ ከማዶ የልጅቱን ራስ ልክ መስታወት ውስጥ እንዳለ እናየዋለን።

“ራሕመት፣ ዛሬ ቀስ ብዬ ነው የምሠራሽ!” አለች፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ ላለ እረኛ የምትጣራ ይመስል። “መጀመሪያ ከግንባር ትንሽ እንይዛለን። ትንሽ! ብዙ የያዘ ሰው ልጅ ያስለቅሳል። በሦስት እንከፍላለን። አሁን ጣት አንድ ሲሄድ ከሥሩ ጥቂት ይለቅማል። እንዲህ። ዓይን ያለው ያያል!”

“እማ፣ ለማን ነው የምታወሪው?” አለች ራሕመት።

“ላንቺ ነዋ! ለማን ይመስልሻል?”

የአባቴ መኪና ቆመ። እግሩ መርገጫው ላይ እንዳለ፣ ዓይኑ ከማዶ፣ ሁለት እጁ ደግሞ አየር ላይ የሌለ ጠጉር ይሠራል። እትዬ ዘይነባ እስክትጨርስ ድረስ ወደ እኛ አንዴም ዘወር አላለችም። ስትጨርስ ግን ልጇን አስነሥታ፣ “ያልገባው ካለ በሳምንቱ ደግሞ እንሠራለን” ብላ ገባች። ባሏ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሰምቷል። በሳምንቱ ሳጥኑን ተሸክሞ ያወጣላት እሱ ራሱ ነበር።

ያ ክረምት እንዲህ አለፈ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ያንኳኳል፣ እኔ ከአባቴ ጉልበት መሃል ቁጭ ብዬ ፊደል ለምሕረት አስቆጥራለሁ፣ እሱ ከላዬ ይሠራል፣ ይፈታል። መጀመሪያ ማልቀሴ ቀረ። ቀጥሎ ሕመሙ ቀረ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እጁ እንዲያ ቀሎ ነበር። ዛሬ በእነዚያ ጠጉር ቤቶች ሕፃናት ሲንሰቀሰቁ፣ ከገበያ የመጣ ሰው ሠራሽ ጠጉር እየተቀጠለላቸው አንገታቸው ሲዘምም ሳይ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በአንድ ክረምት የተማረውን እነዚህ እንዴት አጡት እላለሁ በልቤ። ዝም ግን አልልም፤ “ቀስ” እላለሁ።

ሰው ግን አባቴን አልተወውም። በዚያው በረንዳ ላይ ሌላ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ደምሴ የሚባል፣ የወንድ ሱሪ የሚሰፋ። ምላሱ ከመርፌው ይልቅ ይሾላል። “ሄራሞ፣ ቀሚሱን ሰፍተህ መቼ ነው ራስህ የምትለብሰው?” ይላል። ደንበኛው ይስቃል። ቅጽል ስም አወጣለት፤ “ሹሩባው” አለው። ስሙ መንገዱን ይዞ ወረደ፤ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ “የሹሩባው ልጅ” ተባልኩ። ደንበኞቹም ቀነሱ፤ አንዳንድ ባሎች ሚስቶቻቸውን ወደዚያ በረንዳ አትሂጂ አሏቸው። አባቴ ለደምሴ አንድ ቀንም መልስ አልሰጠውም። ክር ሲያልቅበት ይበደረዋል፣ ሲጠይቀው ያበድረዋል።

መስከረም ሲጠባ ከጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሼ ኤርሲዶ፣ ጥላቸውን ይዘው መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እናቴን የቀበሩ፣ ሌሊት ያስተዛዘኑ ናቸው። ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ሄራሞ፣ የሚወራው አያምርም” አሉ። “የወንድ ሥራ አለ፣ የሴት ሥራ አለ። ደግሞ ለመስቀል ዘፈን ልጅ ማስጌጥ ለእኛ ምን ይሆነናል?”

አባቴ መኪናውን አቆመ፤ ብድግ አለና ወንበሩን ሰጣቸው። “ጋሼ፣ ለሴት ልጅ ቀሚስ ስሰፋ ስንት ዓመት አይተውኛል። የሴት ሥራ ነው ብለውኝ ያውቃሉ?”

“ያ እንጀራህ ነው።”

“ከቀሚሱ አንገትጌ እስከ ጠጉሯ አንድ ስንዝር ነው። ኃጢአቱ የሚጀምረው እዚያች ስንዝር ላይ ነው?”

ጋሼ ኤርሲዶ ግን በአንድ ጥያቄ የሚመለሱ ሰው አልነበሩም። “ካልክ እንግዲህ ቤትህ ውስጥ፣ በርህን ዘግተህ አድርገው” አሉ። “ሰው አይይህ።”

“የሰረቅኩት ነገር የለም ጋሼ” አለ አባቴ። “በር የምዘጋው ለምንድን ነው?”

እሳቸው ሄዱ። አባቴ መርፌው ውስጥ ክር ለመክተት ሦስቴ ሞከረ፤ እኔ አይቻለሁ። ጀግና ማለት የማይፈራ ነው ያላችሁ ሰው አታልሏችኋል።

የበዓሉ ዋዜማ በገበያ ቀን ዋለ። የበዓል ገበያ! ከፎንቆ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በሴቶች ጀርባ ይመጣል፣ ከዶዮገና በኩል በግ ይነዳል፣ አዲስ ቀሚስ የለበሱ ልጆች ጭቃ ላይ እየዘለሉ ያልፋሉ። መንገዱ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ብቻ ሆነ። አባቴ የመጨረሻውን ቀሚስ አስረከበ፣ መኪናውን በሸራ ሸፈነ፣ ዱካውን፣ ያንን አጭር በርጩማ፣ ተሸክሞ ወደ በረንዳው ጫፍ፣ መንገዱ ዳር ድረስ አወጣው። “አስቴር፣ ነይ” አለኝ። ተቀመጥኩ። ሚዶውን አነሣ።

ሰው መጀመሪያ አልፎ ነው የሚያየው። ከዚያ ተመልሶ ያያል። ከዚያ ይቆማል። ጥቂት ቆይቶ ከፊታችን ሕዝብ ተሰበሰበ፤ እግር ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ባራባሶ ጫማ፣ ባዶ እግር፣ የጭቃ እግር። አቀርቅሬ ነበርና።

“ቀና በይ” አለኝ አባቴ ከላዬ። “ስታቀረቅሪ መስመሩ ይጣመምብኛል።”

ቀና አልኩ። ያኔ ፊቶቹን አየኋቸው። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ አፉን ይዟል፣ አንዱ ሽማግሌ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ደምሴ ጊዜው የእሱ መሆኑን አውቆ በረንዳው ላይ ቆመና፣ “ኑ እዩ! ሹሩባው ሱቅ ከፈተ! ነገ ደግሞ ጡት ያጠባል!” ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የአባቴ ጣት ቆመ። እኔ ራሴ ላይ ተሰማኝ፤ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ያኔ ከፎንቆ የመጣች አንዲት ቅቤ ሻጭ ሕዝቡን በክንዷ እየከፈለች ፊት መጣች። ትልቅ ሴት ናት፣ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ጎንበስ ብላ ራሴን ቃኘች፣ በጣቷ መስመሩን ተከተለች። “የልጅቱ እናት የት አለች?” አለች በሀዲይኛ።

“ሞታለች” አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም።

ሴትዮዋ ወደ ደምሴ ቀና አለች። “አንተ ሱሪ ሰፊ፣ ልጅ አለህ?”

“አለኝ” አለ እየሳቀ።

“ሚስትህ ዛሬ ማታ ብትሞት ነገ ጠዋት የልጅህን ራስ ማን ያበጥራል?”

ደምሴ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሴትዮዋ መልስ አልጠበቀችም። ቅቤዋን ከጀርባዋ አውርዳ፣ የእንሰት ቅጠሉን ፈትታ፣ አንድ ጭብጥ ቆርሳ በአባቴ መዳፍ ላይ አኖረች። “ደረቅ ጠጉር አይሠራም” አለችው፣ እንደምትቆጣ ሆና። “ከማጅራቷ ጀምረህ ቀባት።” አባቴ ሊከፍላት እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ “ሥራህን ሥራ!” ብላ ተሸክማ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ተበተነ፤ የቀሩት ሴቶች ነበሩ፣ እነሱም አይስቁም፤ “ያችን ጠበቅ አድርጋት፣ ትፈታለች” ይሉታል። እኔን ጨርሶ ምሕረትን አስቀመጠ። ምሕረት እስኪያልቅ ድረስ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እጇን ታወዛውዝ ነበር፣ ሙሽራ የሆነች ይመስል።

በበዓሉ ጠዋት እማማ መጣች። አጎቴ ሁለት በቅሎ ይዟል፤ አንዱ ባዶ ነው፣ ኮርቻ ብቻ። ያ ኮርቻ ለማን እንደመጣ ሁላችንም አውቀናል። አባቴ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ። በገባው ቃል መሠረት አንዲት ቃል አልተናገረም። እማማ ከበቅሎ ወረደች፣ ሰላምም ሳትል መጀመሪያ ምሕረትን ወደ ብርሃን አወጣቻት። ዙሪያውን አየቻት። ዶቃውን እያንዳንዱን በጣቷ አገላበጠችው። ጠጉሩን ከሥሩ ከፍታ ቆዳው ላይ ቅማል ፈለገች፤ አልነበረም። ከዚያ እኔን ጠራችኝ።

“ማን ሠራሽ?” አለች።

“አባቴ።”

“ማን ሠራሽ ነው ያልኩሽ።”

“አባቴ ነው እማማ። ትናንት፣ በረንዳው ላይ፣ ገበያው ሁሉ እያየ።”

እማማ እንደ ፈራጅ ከግንባሬ ጀመረች። ጣቷ በእያንዳንዱ መስመር ከግንባር እስከ ማጅራት ይሄዳል፣ ተመልሶ ሌላውን ይጀምራል። ከጆሮዬ በላይ አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ተመለሰች። እንደገና ሄደችበት። አባቴን ሰረቅ አድርጌ ሳየው ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል።

እማማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግን ለአጎቴ አልተናገረችም። ለእኔ ነበር።

“አባትሽን በይው” አለች፤ “ይቺ ከጆሮሽ በላይ ያለችው መስመር ጠማማ ናት። ለሚመጣው መስቀል ያቅናት።”

አጎቴ ይህን ሲሰማ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ባዶው በቅሎ ሄዶ የኮርቻውን መታጠቂያ ፈታ። እኔ ወደ አባቴ ዞሬ፣ የሰማውን፣ ዐሥር ክንድ ላይ ቆሞ በጆሮው የሰማውን፣ በሀዲይኛ ነገርኩት። “ለሚመጣው መስቀል አቀናታለሁ በያቸው” አለኝ። እኔም ወደ ከምባትኛ ተርጉሜ አደረስኩ። ከዚያ ሮጥን። በየቤቱ ዞርን፣ አተካናው እስከ ክርናችን ወረደ፣ በየበሩ “ማን ሠራሽ?” ባሉን ቁጥር “አባታችን!” አልን፤ የሚገረም ተገረመ፣ የሚስቅ ሳቀ፣ እኛም አብረን ሳቅን።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት እስኪያገባ ብዙ በዓል ሠራን። ካገባም በኋላ እንጀራ እናታችን፣ ደግ ሴት፣ “የእኔ እጅ ከእሱ አይበልጥም” ብላ ዱካውን ለእሱ ትተወው ነበር። ደምሴ ልጁን ይዞ መጣ፣ ይቅርታ ጠየቀ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልመጣም። እስከ መጨረሻው “ሹሩባው” እንዳለው ቀረ። ጋሼ ኤርሲዶም ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ጥላቸውን ይዘው ሲያልፉ ብቻ አንዳንዴ ቆም ብለው ያዩናል። አባቴም በሩን አልዘጋም።

ዕድሜ ጠግቦ ነው የሞተው። በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። ልብስ ሰፊ መሆኑ ተነበበ፣ ጸሎት ቤቱ ሲሠራ ጉልበቱን መስጠቱ ተነበበ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ተዘረዘሩ። ስለ ጠጉሩ ግን አንዲት ቃል የለችም። ወንድሞቼ፣ የእንጀራ እናቴ ልጆች፣ ሆን ብለው ነው የተዉት። ቀደም ብዬ ስጠይቃቸው ታላቅየው፣ “እቴቴ፣ ትልቅ ሰው የሚቀበርበት ቀን ነው፤ ሰው ይስቃል” ብሎኛል። ንባቡ ሲያልቅ ግን ተነሣሁ። ምሕረት ደገፈችኝ።

“የቀረ ነገር አለ” አልኩ። “ይህ ሰው እናታችን ስትሞትብን የሁለታችንን ጠጉር በእጁ ይሠራ ነበር። ለየበዓሉ። በረንዳ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየው። ያኔ ሳቁበት። አሁንም የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ።”

ቆሜ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ተቀመጥኩ።